የዕረፍት ድርሻ፦ ግሬም ኦብሪ፣ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰንና ያላረፈ አእምሮ

በስፖርት ሥልጠና አካባቢ «ኢንተርቫል» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ልፋቱን ነው፤ ልብ ደረትን የሚደበድብበትን፣ ጭን የሚቃጠልበትን፣ አሰልጣኙ ሰዓት ይዞ «አንድ ብቻ ቀረህ» እያለ የሚጮኽበትን ቅጽበት። ቃሉ ግን የልፋቱ ስም አልነበረም። ኢንተርቫል በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ክፍተት ማለት ነው። በ1930ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው አሰልጣኝ ቮልደማር ገርሽለር ከልብ ሐኪሙ ከራይንደል ጋር ሆነው ዘዴውን መልክ ሲያስይዙ ዓይናቸውን የተከሉት በዚያ ክፍተት ላይ ነበር። ሯጩ የልብ ምቱ በደቂቃ ወደ 180 እስኪጠጋ አጭር ርቀት በፍጥነት ይሮጣል፤ ከዚያም ያርፋል። ምቱ በ90 ሴኮንድ ውስጥ ወደ 120 ካልወረደ ልፋቱ ከልክ አልፏል ማለት ነው፤ ስለዚህ ርቀቱ ያጥራል ወይም የዕለቱ ልምምድ ይቆማል። ልብን የሚያሰፋው ሩጫው ብቻ ሳይሆን ሩጫውን ተከትሎ የሚመጣው አጭር ዕረፍት ጭምር ነው ብለው ያምኑ ነበር። የገርሽለር ተማሪ ሩዶልፍ ሃርቢግ በ1939 በሚላኖ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ46.6 ሴኮንድ ሮጦ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን እስከ 1955 ጸንቶ መቆየቱ ለዘዴው ትልቅ ምስክር ሆኖለት ነበር።

የኋለኞቹ ተመራማሪዎች የገርሽለርንና የራይንደልን ማብራሪያ በብዙ መልኩ አሻሽለውታል፤ ዛሬ ይበልጥ የሚታየው ሰውነት ወደ ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም አቅሙ ተጠግቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ያም ሆኖ መሠረቱ አልተናወጠም፤ ዕረፍት የሥልጠናው አካል እንጂ ከሥልጠናው የተሰረቀ ጊዜ አይደለም። ይህን እውነት ስኮትላንዳዊው ብስክሌተኛ ግሬም ኦብሪ ማንም ሳያስተምረው በራሱ ሰውነት ላይ ደርሶበታል። የሕይወቱ ታሪክ ግን ሌላም ነገር ያሳያል። ለጡንቻው በጥንቃቄ የሰፈረለትን ዕረፍት ለአእምሮው ሊሰጠው አልቻለም፤ እንዲሰጠውም የነገረው አልነበረም።

ኦብሪ በ1965 ተወለደ፤ ያደገው በስኮትላንድ ነው። አባቱ ፖሊስ ነበር። የፖሊስ ልጅ መሆን በዚያ ሰፈርና በዚያ ትምህርት ቤት የሚያስወድድ ነገር ስላልነበረ፣ እሱና ወንድሙ በልጅነታቸው በእኩዮቻቸው ብዙ ተንገላትተዋል። ብስክሌት በመጀመሪያ የተወደደችው በስፖርትነቷ አልነበረም፤ ማምለጫ ስለሆነች እንጂ። ከሰው ዓይን ርቆ፣ ብቻውን፣ በመንገድ ላይ መዋል የሚቻልባት ስለሆነች ነው። በወጣትነቱ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ መትረፉን በኋላ ራሱ ጽፏል። ለአቅመ ሥራ ከደረሰ በኋላ የከፈተው የብስክሌት ሱቅ አልሳካ ብሎት ተዘጋ፤ ዕዳና ሥራ አጥነት ተከተሉ። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ፣ ደመወዝ የሚከፍለው ቡድን የሌለው፣ በአገሩ የሰዓት ውድድሮች ላይ በመሳተፍ ብቻ የሚታወቅ ሰው በብስክሌት ዓለም ከተከበሩት ክብረ ወሰኖች አንዱን ሊሰብር ተነሣ።

የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2007 በኦስትራቫ በአንድ ሰዓት 21,285 ሜትር ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ማስመዝገቡ ይታወሳል። በብስክሌትም ሕጉ ያው ነው፦ አንድ ሰው፣ አንድ መም፣ አንድ ሰዓት፤ ርቀቱ ይለካል። ተፎካካሪ የለም፤ ከነፋስ የሚከልል የቡድን ጓደኛ የለም፤ ተሸንፎ የሚያመካኙበት ስልት የለም። ኤዲ መርክስ በ1972 በሜክሲኮ ሲቲ ካደረገው ሙከራ በኋላ እንዲህ ተሠቃይቶ እንደማያውቅ መናገሩ በብስክሌተኞች ዘንድ ሲነገር የኖረ ነው። በ1984 ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞዘር በዚያው ከተማ 51.151 ኪሎ ሜትር ሄዶ የመርክስን ርቀት አሻሻለ። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አትርቅም። የሳሳ አየር ሳንባን ቢያስቸግርም፣ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚበር ብስክሌተኛ የነፋሱን ግፊት ስለሚቀንስለት ትርፉ ከኪሳራው ይበልጣል። የኦብሪ ሙከራ ግን የተደረገው በኖርዌይ ሐማር ከተማ፣ ለ1994ቱ የክረምት ኦሊምፒክ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ስፍራ ነው።

ስለ ኦብሪ ሲጻፍ አብዛኛው ቀለም የሚፈሰው በብስክሌቱ ላይ ነው። ብስክሌቱን የሠራው ራሱ ነው። ጉልበቶቹ ተቀራርበው እንዲሽከረከሩ የፔዳሎቹን እምብርት ለማጥበብ ሲፈልግ ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የወጣ ኩሽኔታ ተጠቀመ። መሪውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ ክንዶቹን አጥፎ ከደረቱ ሥር ሸሽጎ፣ እንደ በረዶ ተንሸራታች ተጎንብሶ ይነዳ ነበር። ይህን የኩሽኔታ ነገር ባልተናገርኩ ብሎ እንደተጸጸተ ኋላ ገልጿል፤ ጋዜጠኞች ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር መጠየቅ ትተው ነበርና። ጸጸቱ ትክክል ነው። ኩሽኔታው ጥሩ ወሬ ነው፤ ሰውየውን ግን አይገልጸውም።

ይበልጥ የሚገልጸው የልምምድ አኗኗሩ ነው። በዘመኑ ብስክሌተኛ ማለት በሳምንት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ነበር፤ ርቀት እንደ ጽድቅ ይቆጠር ነበር ማለት ይቻላል። ኦብሪ ለርቀት ብዙም ደንታ አልነበረውም። ዋናው ልምምዱ ቤት ውስጥ፣ በቆመ መለማመጃ ላይ፣ ሙሉ ኃይሉን አፍስሶ የሚያደርገው አጭርና ከባድ ልፋት ነበር። ውጤቱን ከቀድሞው ጋር ያመሳክራል፤ የዛሬው ከበፊቱ በጥቂቱም ቢሆን መብለጥ አለበት። የሚቀጥለውን ልፋት የሚያደርገው ግን ሰውነቱ ሙሉ በሙሉ ማገገሙን ሲያምን ብቻ ነው። ካላገገመ አይወጣም። አንድ ቀን ይሁን ሦስት ቀን፣ መርሐ ግብሩን የሚወስነው ቀን መቁጠሪያው ሳይሆን ጭኑ ነው። ከዚህ በኋላ በ2011 ባሳተመው የሥልጠና መመሪያ ላይ አጥብቆ የሚመክረውም ይህንኑ ነው፦ ያላገገመ ሰው ቢለማመድ ድካምን እንጂ አቅምን አያከማችም።

የገርሽለር 90 ሴኮንድ በኦብሪ ዘንድ ወደ ቀናት ተዘርግቷል ማለት ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። እድገቱንም ያመጣው ይኸው ነው። አሰልጣኝ የሌለው፣ ላቦራቶሪ ያላየ አማተር፣ ቁጥሮቹን በገዛ እጁ እየመዘገበ፣ ከአንዱ ልፋት ወደ ሌላው ጥቂት በጥቂት እየጨመረ፣ ዓለም አይደረስበትም ያለው ርቀት ደጃፍ ላይ ደረሰ።

ሐምሌ 16 ቀን 1993 ሐማር ላይ የመጀመሪያውን ሙከራ አደረገ። አልተሳካም። ከሞዘር ርቀት ወደ አንድ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ልዩነት ጎደለ። በስፖርቱ ልማድ መሠረት ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አቅሙን አሟጦ የነዳ ሰው ለመድገም ሳምንታት ያስፈልጉታል። ኦብሪ ግን መሙን ለ24 ሰዓት ተከራይቶት ስለነበር በማግስቱ እንደሚደግም አስታወቀ። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች አለማመናቸው አያስደንቅም።

ከዚያ የመጣችው ሌሊት በብስክሌት ታሪክ ውስጥ ምናልባት ከሁሉ የምትገርመዋ ዕረፍት ናት። ችግሩ ግልጽ ነበር፤ ተኝቶ ካደረ እግሮቹ ደርቀው ይነሣል። ማንቂያ ደውል ደግሞ ዘግተውት ሊተኙ የሚችሉት ነገር ነው። ስለዚህ ከመተኛቱ በፊት ብዙ ውኃ ጠጣ። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ውኃው ያስነሣዋል፤ በተነሣ ቁጥር ጡንቻዎቹን ያፍታታል፤ ከዚያ እንደገና ውኃ ጠጥቶ ይተኛል። እንዲህ ሲል አደረ። ለፊዚዮሎጂ ተማሪ ይህ ከቀልድ በላይ ነው። ሰውየው የ24 ሰዓቱን ክፍተት እንደ አንድ ኢንተርቫል አይቶ፣ ዕረፍቱን በዕቅድ ሠርቶታል። የልፋቱ ድግግሞሽ ሁለት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት፤ መካከላቸው አንዲት ሌሊት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሁለት ሰዓት ሲጠጋ ሰው ወደሌለበት መም ደረሰ፤ ከደቂቃዎች በኋላም በመነሻው ላይ ነበር። ሰዓቱ ሲያበቃ የሄደው 51.596 ኪሎ ሜትር ሆነ። ሞዘርን በ445 ሜትር በልጦታል። ለዘጠኝ ዓመታት በላይ የቆመው ክብረ ወሰን የወደቀው ከአንድ ቀን በፊት በተሸነፈ ሰው ነው። በአንድ ሌሊት የእግሩ አቅም በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል አላደገም፤ ሊያድግም አይችልም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ኦብሪም ሲተርክ በሁለተኛው ቀን ወደ መሙ የገባው በሌላ መንፈስ እንደነበር ይናገራል።

ክብረ ወሰኑ ለስድስት ቀናት ቆየ። ሐምሌ 23 ቀን እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን በፈረንሳይ ቦርዶ 52.270 ኪሎ ሜትር ሄደ። ቦርድማን በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ የ4 ኪሎ ሜትር የማሳደድ ውድድር ወርቅ ያገኘ፣ በስፖርት ሳይንቲስቱ በፒተር ኪን የሚመራ፣ ልምምዱ በልብ ምትና በኃይል መጠን ተከፋፍሎ የሚሰጠው ሰው ነበር። ሁለቱን ማነጻጸር የዘመኑ ጋዜጦች የሚወዱት ርእስ ነበር፦ ላቦራቶሪው በአንድ ወገን፣ ወጥ ቤቱ በሌላ ወገን። ንጽጽሩ ግን ያሳስታል። በሥልጠና ፍልስፍና ሁለቱ ከሚታሰበው በላይ ይቀራረቡ ነበር፤ ሁለቱም ያለ ዓላማ ርቀት መቁጠርን ትተው ጥራት ያለው ልፋትንና ማገገምን መርጠዋል። የሚለያቸው ዋናው ነገር ቦርድማን ሲወድቅም ሲነሣም ምክንያቱን ቁጭ ብሎ የሚመረምርለት ሰው ከጎኑ መኖሩ ነው። ኦብሪ ሲወድቅ የሚያገኘው ራሱን ብቻ ነበር። ራሱ ደግሞ መሐሪ ዳኛ አልነበረም።

የታሪኩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ኦብሪ በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ደጋግሞ የሚገልጸው ወደፊት የገፋው ነገር የማሸነፍ ፍላጎት ሳይሆን የመሸነፍ ፍርሃት እንደነበር ነው። ድል ሲያገኝ የሚሰማው ደስታ ሳይሆን እፎይታ ነበር፤ እፎይታውም ብዙ አይቆይም። በዚያው በ1993 በማሳደድ ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በሚያዝያ 1994 በቦርዶ 52.713 ኪሎ ሜትር ሄዶ ክብረ ወሰኑን ከቦርድማን አስመለሰ። በዚያው ዓመት ግን ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር አጎንብሶ የሚነዳበትን አቀማመጥ ከለከለ፤ ኦብሪም በፓሌርሞ ከተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ታገደ። መስከረም ላይ ሚጌል ኢንዱራይን 53.040 ኪሎ ሜትር ሄዶ ክብረ ወሰኑን ወሰደ። ጥቂት ቆይቶ ወንድሙ በመኪና አደጋ ሞተ። ኦብሪ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚነዳበት ሌላ አቀማመጥ ፈጥሮ በ1995 በቦጎታ ዳግመኛ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ያም አቀማመጥ ቆይቶ ተከለከለ። በውጭ ሲታይ ይህ የማይበገር ሰው ታሪክ ነው። ከውስጥ ሲታይ ግን በሁለት ልፋቶች መካከል ምንም ክፍተት የሌለው አእምሮ ታሪክ ነው፤ እንደ ገርሽለር ሕግ ቢሆን ምቱ ወደ 120 ሳይወርድ ሌላ ሩጫ የተጀመረበት።

ይህ ንጽጽር ለአንዳንድ አንባቢ ከሳይንስ ይልቅ ለቅኔ የቀረበ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን አእምሮና ጡንቻ በዚህ ጉዳይ ላይ ተለያይተው የሚኖሩ አይደሉም። ሳሙኤሌ ማርኮራና ሁለት ባልደረቦቻቸው በ2009 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። 16 ሰዎች በአንድ ቀን ለ90 ደቂቃ ትኩረት የሚጠይቅ የኮምፒዩተር ሥራ ሠሩ፤ በሌላ ቀን ለተመሳሳይ ጊዜ ስሜትን የማይነካ ዘጋቢ ፊልም ተመለከቱ። በሁለቱም ቀናት ከዚያ በኋላ በቆመ ብስክሌት ላይ ከከፍተኛ አቅማቸው 80 በመቶ በሆነ ኃይል እስኪያቅታቸው ድረስ ነዱ። ፊልም ባዩበት ቀን በአማካይ 754 ሴኮንድ ቆዩ፤ አእምሯቸው በደከመበት ቀን 640 ሴኮንድ። በልብና በጡንቻ ላይ የተለካው ነገር ይህን ልዩነት የሚያስረዳ አልነበረም። የተለየው የልፋቱ ስሜት ነው፤ የደከመ አእምሮ ያንኑ ኃይል ከጅምሩ ከባድ አድርጎ ቆጠረው፤ ስለዚህ «በቃኝ» የሚለው ወሰን ላይ ቶሎ ደረሰ።

ቀኑን በመረጃ ትንተናና በመመረቂያ ጽሑፍ ሲታገል ውሎ ማታ ወደ ስፖርት ሜዳ የሚሄድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህን ውጤት ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ያምነዋል። እርግጥ የ90 ደቂቃ የአእምሮ ድካምና የዓመታት ድባቴ አንድ አይደሉም፤ አንደኛውን በእንቅልፍ መካስ ይቻላል፣ ሁለተኛው ሕመም ነው፣ ሐኪም ይፈልጋል። ሁለቱን ማደባለቅ በሕሙማን ላይ ግፍ ይሆናል። ጥናቱ ለኦብሪ ታሪክ የሚሰጠው ብርሃን ሌላ ነው። አእምሮ የልፋቱ ተመልካች ሳይሆን ተካፋይ መሆኑን ያሳያል። ተካፋይ ከሆነ ድካም አለው፤ ድካም ካለው ማገገምም ሊኖረው ይገባል። ኦብሪ ጭኑ ሳያገግም ብስክሌት ላይ አይወጣም ነበር። ስለ መንፈሱ ግን እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረውም፤ እንዲያውም መንፈሱ ሲጨልም ይበልጥ ይነዳ ነበር። ሕመሙንና መድኃኒቱን ከአንድ ማድጋ ይቀዳ ነበር ማለት ይቻላል። ብስክሌቷ የምታሳርፈው በምትነዳበት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ሲወርድ የሚጠብቀው ያው የጥንቱ ፍርሃት ነው።

በ2000 ዓለም አቀፉ ማኅበር የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰንን ወደ መርክስ ዓይነት ተራ ብስክሌት መለሰ። የኦብሪም፣ የቦርድማንም፣ የኢንዱራይንም ርቀቶች ከዋናው መዝገብ ወጥተው በሌላ ስም ወደሚጠራ ዝርዝር ተዛወሩ። በ2001 ኦብሪ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ሰው ደርሶለት ተረፈ። ከባይፖላር ሕመም ጋር የሚኖር መሆኑ የታወቀ ሲሆን፣ ሕክምናውንና ያለፈበትን መንገድ ሳይደብቅ ተናግሯል። በ2003 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ በ2006 ታሪኩ ፊልም ሆነ። በ2011 የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ያለው መሆኑን ለጋዜጣ ሲገልጽ፣ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ደብቆ መኖሩ ከድባቴው ጋር የተቆራኘ እንደነበር ጨምሮ አስረድቷል። አንድ ሰው ለዓመታት በደረቱ ውስጥ የያዘው ሸክም በየትኛውም የልብ ምት መቁጠሪያ ላይ እንደማይታይ ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

ዛሬ የሠለጠነ የብስክሌት ቡድን ተወዳዳሪዎቹን በየጠዋቱ ስንት ሰዓት ተኛህ፣ እግርህ እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ብዙዎቹም ስሜትህ እንዴት ነው የሚል መስመር ጨምረውበታል። አማተሩ ግን አሁንም ብቻውን ነው። በገበያ ላይ ያሉት ዘመናዊ መሣሪያዎች የኃይል መጠኑን በዋት፣ ምቱን በደቂቃ፣ እንቅልፉን በሰዓት ይነግሩታል፤ ሦስተኛው ድግግሞሽ ላይ «ለምን?» ብሎ የቆመበትን ምክንያት ግን ራሱ ካልጻፈው የትም አይመዘገብም። ኦብሪ በ2013፣ ዕድሜው 48 ዓመት አካባቢ ሳለ፣ በኔቫዳ በረሃ በሆዱ ተኝቶ የሚነዳውን በእጁ የሠራውን ሌላ መሣሪያ ይዞ ቀረበ። ሲነሣ ያለመው በሰዓት 100 ማይል ነበር፤ ያገኘው 56.62 ማይል፣ ማለትም 91 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ አቀማመጥ ከተመዘገበው ፍጥነት ሁሉ የበለጠ ነበር። የመሣሪያው ትከሻ መደገፊያ የተሠራው ከድስት ነው፤ ጋዜጠኞቹም እንደ ልማዳቸው ስለ ድስቱ ጻፉ።